በሀርሺን በረት ያለቁት በጎችና አዲሱ ፈንድዎ

ጅጅጋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ደረጄ ወልደሥላሴ
የነፃ ገበያ ቁጠባና ትርፍ ፈንድ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ
በቀድሞው አጠራር ጓድ ደረጄ፣ የቁም ከብት ነጋዴዎች የጋራ ፈንድ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልን እላለሁ። ባለፈው ወር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ ሱፍ ለብሰውና አዲስ ማዕረግ ይዘው ወደ ከተማችን ሲመለሱ ስላየሁዎት፣ ሰውነትዎ ሞልቶ ፊትዎ ወዝቶ በመልካም ጤና ላይ መሆንዎን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። በመሆኑም ዱዓዬን ሁሉ ለማስታወስ ችሎታዎ አውዬዋለሁ፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለወጣቶቻችን ስለ ፋይናንስ ሙያ ንግግር ባደረጉበት ዕለት ስለ ጅጅጋ ነፋስ፣ ስለ ጅጅጋ ሕዝብ እንግዳ አክባሪነትና ስለ ጅጅጋ ናፍቆትዎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ ስለ ሀርሺን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

እኔ ዐቦኮር ሚሬ እባላለሁ፤ በዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት በግና ፍየል ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ዲፕሎማ የለኝም። አማርኛዬ የገበያና የቀበሌ አማርኛ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ያረሙልኝ መምህር ዘነበ ናቸው፤ እሳቸውንም ምናልባት ዘንግተዋቸው ከሆነ ከታች በአምስተኛው ቁጥር ላይ ያገኟቸዋል። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ልልክ እችል ነበር። ሆኖም አዲሱ ፈንድዎ ገንዘብ የሚሰበስበው ከሕዝብ እንደመሆኑ ለእርስዎ የሚጻፈው ደብዳቤም የሕዝብ ቢሆን አግባብ መስሎ ስለታየኝ፣ በከብት ገበያው በርና በአውቶቡስ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጌያለሁ። እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሙያዎን ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ። በንግግርዎ «ነጋዴ የሚኖረው በጉልበቱ ነው፤ የፋይናንስ ባለሙያ ግን የሚኖረው በእውቀቱ ነው» ሲሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ሥራ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ስላስረዱኝ ባለውለታዬ ነዎት። እንደሚያውቁት በእኛ ገበያ ሻጭና ገዢ ዋጋ የሚቆርጡት እጃቸውን ጨርቅ ሥር ከትተው አንዱ የሌላውን ጣት እየጨበጠ ነው። ዙሪያውን የቆመ ሰው ምንም አያይም፤ ሁለቱ ግን ማን እንደሚጎዳ ማን እንደሚጠቀም በደንብ ያውቃሉ፤ በጉም በማግስቱ ቢሞት የሚሞተው በገዛው ሰው ላይ ነው። የእርስዎ ሙያ ከዚህ በምን እንደሚበልጥ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በእርስዎ ጨርቅ ሥር የሚጨባበጡት ሁለቱም እጆች የእርስዎ ናቸው፤ በጉ ሲያተርፍ ድርሻ አለዎት፣ በጉ ሲሞት አበል አለዎት። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን በወጣትነቴ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት አቧራ ስቅም አልኖርም ነበር።

2ኛ/ ገበያ ማለት ምን እንደሆነ በግራፍ ስላሳዩን አመሰግናለሁ። በጥር ወር 1980 ዓ.ም. የጋራ ፈንዱ ሲቋቋም የተነገረን ነገር ለማንም የሚገባ ነበር፤ ነጋዴም ይሁን አስተማሪ፣ ወታደርም ይሁን ወተት ሻጭ ገንዘብ ያለው ሁሉ ድርሻ ይገዛል፤ ፈንዱ በጎች ገዝቶ በድንበሩ አጠገብ በሀርሺን በረት ያቆያል፤ የሐጅ ወቅት ሲደርስ በጎቹ ድንበር ተሻግረው በሐርጌሳ በኩል ወደ በርበራ ወደብ ይወርዱና ለዓረቦች በእጥፍ ይሸጣሉ። በመጋቢት ወር የእኛና የድንበር ማዶው መንግሥት የሰላም ስምምነት በሬዲዮ በተነገረ ማግስት ደግሞ መኪናዎ ላይ የድምፅ ማጉያ አስረው «ድንበሩ ተከፈተ» እያሉ ከተማውን ዞሩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ከመቶ ሰባ ሺህ ብር በላይ አዋጣን ስል «ን»ዋን ማጥፋት አለብኝ፤ እኔ አላዋጣሁም። በገንዘቡ መጀመሪያ የተገዛው በግ አልነበረም፤ ያ መኪና ነበር።

ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግራፍ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ የሚሄድ ቀይ መስመር ነበረው፤ መስመሩ ከወረቀቱ ጫፍ ሲደርስ ሌላ ወረቀት በማጣበቂያ ቀጥለውበት እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ዋጋው ለምን እንደሚወጣ ብጠይቅዎት «ፍላጎት ስለጨመረ ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከጅጅጋ እስከ ሀርሺን በግ በብዛት የሚገዛ ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። በስልሳ ብር የጀመሩትን በግ ራስዎ እየገዙ ዘጠና አምስት ብር አደረሱት፤ ከዚያም ያንኑ በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ አሰመሩትና ትርፍ ነው አሉን። አባላቱ በየሳምንቱ መጥተው መስመሩን እያዩ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዶቹም በጣታቸው ነካ ያደርጉት ነበር።

3ኛ/ ወሬና መረጃ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ግንቦት 13 ቀን ቅዳሜ፣ ወደ ሐርጌሳ ጫት የሚያመላልሰው ሾፌር ዳሂር ከመንገድ ገብቶ መጋዘኔ በር ላይ ጎማ ሲቀይር «የሐርጌሳ ነጋዴ ዱቤ መስጠት አቁሟል» አለኝ። «ለማን?» አልኩት። «ለማንም። ለአማቹም አይሰጥም። ሁሉም ወርቅ እየገዛ ነው፤ ቤተሰቡን ወደ ገጠር የላከም አለ» አለኝ። ነጋዴ ዱቤ ከልክሎ ወርቅ መግዛት ሲጀምር ከተማው ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ውጭ አገር ሄዶ አራት ዓመት መማር አያስፈልግም፤ የዚያኑ ዕለት በበርበራ መንገድ ላይ ለአንድ በግ እንኳ ተስፋ ማድረግ ተውኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩዎት። በጎቹን ዛሬውኑ በአገር ውስጥ ዋጋ ቢሸጡ ጉዳቱ ትንሽ ይሆናል አልኩዎት። እርስዎም ሻይ አዘውልኝ፣ ወንበርዎን ወደኋላ ገፋ አድርገው «አቶ ዐቦኮር፣ ይህ የሾፌር ወሬ ነው፤ ገበያ በወሬ አይመራም» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የሚመራው ታዲያ በምንድነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በመረጃ» አሉና በእስክሪብቶዎ ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ቀጥለውም እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ ያለውን ነገር ተናገሩ። «ለበጎችዎ ከፈሩ ለእኛ ይሽጡልን፤ በዘጠና አምስት እንወስድልዎታለን።»

4ኛ/ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት እንዳለፈ በሐርጌሳ ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ ወደ እኛ የሚመጣው ግን ሰው ሆነ፤ በእግሩ፣ በአህያ፣ በተበሳሳ መኪና እየመጣ ሐርተሼክ ሜዳ ላይ ሰፈረ። በዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ እንደሌለ፣ የዝናብ ውኃ በሲሚንቶ ገንዳ ተጠራቅሞ በበርሜል እንደሚሸጥ፣ ይህንንም ገንዳ ብርካ እንደምንለው ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ነገር ግን በፈንዱ ዕቅድ ውስጥ ለመኪናው ቤንዚን፣ ለእርስዎ አበል፣ ለጽሕፈት መሣሪያ ሳይቀር ገንዘብ ተይዞ ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ በጎች ውኃ የተያዘ አንድ ብር እንዳልነበረ በኋላ ሲታወቅ፣ የተማረ ሰው አስተሳሰብ ከእኛ እንዴት እንደሚለይ ገባን። ስደተኛው ሲበዛ የአንድ በርሜል ውኃ ዋጋ በአሥር ቀን ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ።

በዚያን ጊዜ እንኳ መውጫ ነበረዎት። የሀርሺን ሰዎች በጉን በሠላሳ ብር ከእርስዎ ሊገዙ መጡ፤ ለስደተኞቹ ሥጋ ሊያከፋፍሉ የፈለጉ ሽማግሌዎችም በሃያ አምስት ጠየቁዎት። እርስዎ ግን «በዘጠና አምስት የተገዛ ንብረት በሠላሳ አይሸጥም፤ ዋጋው ተመልሶ ይነሣል» ብለው በረቱን በሁለት ዘበኛ አስጠበቁ። አጥሩ ሥር ከሐርጌሳ ልጅ አዝለው የመጡ ሴቶች ተቀምጠው በጎቹን ያዩ እንደነበር፣ ዘበኞቹም ሴቶቹን በዱላ ያርቁ እንደነበር ቦታው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። የራበው ሰው ከአጥሩ ውጭ፣ የጠማው በግ ከአጥሩ ውስጥ ነበር። እርስዎ ጅጅጋ ሆነው ዋጋው እስኪነሣ ይጠብቁ ነበር። በሰኔ አጋማሽ በጎቹ በቀን ሠላሳም አርባም እየወደቁ አለቁ። ከሰኔ 25 በኋላ ዘበኞቹ የሚጠብቁት ሽታውን ብቻ ነበር።

5ኛ/ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በሐምሌ ወር አባላቱን ሰብስበው «ኪሳራ የገበያ አንዱ ገጽታ ነው፤ ከኪሳራ እንማራለን» ሲሉ፣ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው የነበሩት መምህር ዘነበ እጃቸውን አውጥተው መዝገቡን ለማየት ጠየቁ። መምህር ዘነበ ከመንዝ ተመድበው መጥተው ለዚህ ከተማ ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገብተው ቤት ሊሠሩበት ያጠራቀሙትን ስድስት ሺህ ብር በሙሉ ያመኑት እርስዎን ነው። «መዝገቡ ውስብስብ ነው፤ የሙያው ሰው ካልሆኑ አይገባዎትም» ብለው መለሱላቸው። ሰውየው ለእርስዎ ፀሐፊ ለእናትአለም መደመርና መቀነስ ያስተማሩ መሆናቸውን የምታውቀው እናትአለም ራሷ እዚያው ቆማ አንገቷን ደፍታ ነበር። መምህሩ ዛሬ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ በጡረታቸው ላይ ማታ ማታ ልጆች ያስጠናሉ፤ ወደ መንዝም አልሄዱም። እርስዎ በበኩልዎ በመስከረም ወር ዕድገት አግኝተው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ከኪሳራ የተማረውን ሰው ለይቶ ያወቀ መሥሪያ ቤት ነበር ማለት ነው።

ስድስተኛ ቁጥርም ጽፌ ነበር። ሆኖም ስድስተኛው የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን እኔን ስለሆነ ቁጥሩን ሰርዣለሁ።

በዚያ ሰኞ ቢሮዎ ገብቼ ያልኩትን ሁሉ ማለቴ እውነት ነው። ስወጣ የተናገርኩትን ግን አልጻፍኩም። «እንግዲያው ረቡዕ በጎቼን አመጣለሁ» ነበር ያልኩት። ዘጠና ሁለት በግ ነበረኝ። በገበያው ውስጥ ዳሂር የነገረኝን ላንድ ሰው ባወራ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ አባላቱ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ቢሮዎን ያጥለቀልቁታል፤ ፈንዱም መግዛት ያቆማል። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ አፌን ዘጋሁ። ዳሂርንም ጫማ ገዝቼለት እንዲዘጋ አደረግሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እህቴ ሳህራ ወደ መጋዘኔ መጣች። ሳህራ ባሏ በ1969 ዓ.ም. ጦርነት ከሞተባት በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የግመል ወተት እየሸጠች አንዲት ሴት ልጅ ያሳደገች ናት። ከድሬዳዋ አሮጌ የእህል ወፍጮ ሞተር ለመግዛት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ይዛ ነበር፤ ሞተሩ አራት ሺህ አምስት መቶ ስለተባለ ሰባት መቶ ብር ይጎድላታል። ፈንዱ እስከ ሐጅ ድረስ ያንን እንደሚሞላላት ሰምታለች። ገንዘቡን በሻሿ ጫፍ ቋጥራው በእጇ እንደያዘች «ዐቦኮር፣ ልስጣቸው ወይስ ይቅር?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ በግ ሲገዛ ነው። እሷ በሕይወቷ ስለ ገንዘብ የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አንተ ብትሆን ትሰጣለህ?»

«እኔ ረቡዕ ከእነሱ ጋር ጉዳይ አለኝ» አልኩ። እሷም ይህን ሰምታ ወንድሟ ድርሻ ሊገዛ ነው ብላ አስባ ደስ ብሏት ገንዘቧን ልትሰጣቸው ሄደች። እኔም እንደዚያ እንድታስብ መተዌን አውቅ ነበር። በማግስቱ ዘጠና ሁለቱን በጎች አስረከብኩና ስምንት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ብር ቆጥሬ ተቀበልኩ፤ ከብሮቹ መካከል አራቱ ወተት ወተት ይሸቱ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። ሰኔ ውስጥ በጎቹ ሲያልቁ ፈንዱ ቆዳቸውን በአራት አራት ብር ለጨረታ ሲያቀርብ የገዛሁትም እኔ ነኝ። ቆዳዎቹን ስለይ ጆሯቸው ላይ የእኔ ምልክት ያለባቸው ሰባ ሦስት ሆኑ። እነሱንም ሸጥኩ፤ አተረፍኩባቸው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ላይ የምናገረው ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። እርስዎ በማያውቁት ነገር ላይ እንደሚያውቁ ሆነው ሰው አስጎዱ፤ እኔ የማውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኜ አስጎዳሁ። በፈንድዎ ታሪክ ውስጥ በእውነት ያተረፍነው እርስዎና እኔ ብቻ ነን፤ ለአባላቱ ስብሰባ ሪፖርት ሲያቀርቡም ይህን አንድ ውጤት መዝለልዎ አሳዝኖኛል።

ይህን ሁሉ ለሦስት ዓመት ሸክፌ ይዤው ስኖር ሳህራ ምንም አላወቀችም። በስኳርና በዘይት ስደጉማት ወንድሜ ደግ ነው ትል ነበር። ምናልባት ከነምስጢሬ እሞት ነበር። እርስዎ ግን ተመልሰው መጡ፤ «ገበያው አሁን ነፃ ነው» ብለው አዲስ ፈንድ አቋቋሙ፤ ገንዘብ ከየቤቱ እየሰበሰቡ ከመቶ አምስት ለራሳቸው የሚያስቀሩ አሥር ሠልጣኝ ወጣቶችም መረጡ። ከአሥሩ አንዷ ኢስተሂል ናት። የሳህራ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የኖረች። በሀርሺን የእናቷ ገንዘብ የጠፋበትን ፈንድ ያስተዳደሩት እርስዎ መሆንዎን ታውቃለች፤ ቢሆንም «ያኔ ጦርነት ነበር፣ ስህተቱ የጦርነቱ ነው» ብለው ስለነገሯት አምናዎታለች። የደረሰኝ ጥራዟን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እንዲያው ቢያዩት ራስዎም ለጥቂት ጊዜ ፈንድዎን ባመኑት ነበር።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳህራ ቤት ሄጄ ኢስተሂል ጥራዟን ስታሳየኝ ከአሥራ ሰባት ሰው ገንዘብ መሰብሰቧን አየሁ። ከሐርተሼክ ካምፕ ወጥተው እዚህ የሰፈሩ ሴቶች ሳይቀሩ ሃያም ሠላሳም ብር ሰጥተዋታል። በሳምንቱ መጨረሻ ልታስረክብዎት ነበር።

«አብቲ» አለችኝ፤ የእናቷ ወንድም ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። «አንተም ብትገባ ሰው ሁሉ ይከተልሃል። አቶ ደረጄም ስምህን ጠይቀውኛል።»

ያን ጊዜ ቁጭ አልኩና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ዳሂርን፣ ሰኞን፣ ረቡዕን፣ ቆዳዎቹን ነገርኳቸው። ሳህራ የወተት ዕቃዋን እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ ዕቃውን ደፍታ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ስንት በግ ነበር?»

«ዘጠና ሁለት።»

«እኔ ሻሼን ይዤ ስመጣ ታውቅ ነበር?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ኢስተሂል ጣልቃ ገብታ «ሰውየው ነው እንጂ ያጠፋው፣ አብቲ ምን አደረገ? ፈንዱ የእሱ አልነበረም» አለች። ልጅቷ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው።

ሳህራ ልጇን ሳይሆን እኔን እያየች «ሰውየውስ እንጀራው ነው» አለች። «ይኼ ግን ወንድሜ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ኢስተሂልን ይዛ ወጣች። ልጅቷ መጀመሪያ እንቢ ብላ አልቅሳ ነበር፤ «ሥራው የእኔ ነው፣ ስሜ ይጠፋል» አለች። እናቷ «ስምሽ የሚጠፋው ሰው ሲቀበር ነው፤ ገና ማንም አልሞተም» ብላት ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ለአሥራ ሰባቱም ገንዘባቸውን መለሱ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዲት ሴት ትርፌን አስቀራችሁብኝ ብላ ሰደበቻቸው። ኢስተሂል የመጨረሻዎቹን አምስት ቤቶች ራሷ እያንኳኳች ራሷ እያስረዳች እንደጨረሰች ሰምቻለሁ። አሁን ከመምህር ዘነበ ጋር ማታ ልጆች ታስጠናለች፤ ገቢው ከፈንዱ ልታገኝ የነበረውን ከመቶ አምስት አያህልም።

ሐሙስ ዕለት ሳህራ ወደ በረቴ መጣች። «ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር በዘጠና አምስት አርባ በግ ነው» አለች። ነጋዴዎቹ ሁሉ ቆመው እያዩ በበጎቹ መካከል ገብታ አንድ በአንድ ጀርባቸውን እየዳሰሰች መረጠች። እኔ ያወጣሁላትን ሦስት «እነዚህ ሰስተዋል» ብላ መልሳ በሌሎች አስለወጠችኝ። አርባ ሲሞላ ምልክት የሚያደርግ ሰው ራሷ ይዛ መጥታ ስለነበር ጆሯቸው ላይ ያለውን የእኔን ምልክት በሌላ አስቆረጠችው። የዛሬው ዋጋ ከዘጠና አምስት እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ እሷ አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም። ጠዋት ጠዋት ትልክልኝ የነበረው ወተት ግን አልቀረም፤ አሁንም ይመጣል፤ ከሚከፈልበት ዋጋ ጋር።

ክቡር ሆይ፣ እህቴ ከእኔ የሚገባትን ወስዳለች። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ቀሪ አባላት ግን ከእርስዎ የሚገባቸውን እንዲወስዱ የበግ በረት የሌለዎት መሆኑ ያሳስበኛል፤ ሱፉና መኪናው ለሁሉም አይዳረስም። በበኩሌ ያለፈውን መመለስ ባልችልም የሚመጣውን ግን ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ሳልጠብቅ ዛሬውኑ እናገራለሁ፤ ለዚህ ፈንድ አንድ ብር የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ለአቶ ደረጄ አበል ነው።

ባዘጋጁት ሙያዊ ንግግር ዕውቀት ያገኘሁ፣ በቢሮዎ ሻይ የተጋበዝኩ፣ በኪሳራዎ የከበርኩ፣ ለረጅም ዕድሜዎ ከልብ የምጸልይ፣ ምክንያቱም ሂሳብ የሚጠይቅዎ ሰው ብዙ ስለሆነና ተራው ስለሚረዝም፣

ታማኝ የቀድሞ በግ አቅራቢዎ
ዐቦኮር ሚሬ

ግልባጭ፦
ለከብት ገበያው በር
ለአውቶቡስ ማቆሚያው ግድግዳ
ለዘጠኙ ቀሪ ሠልጣኞች፣ በየቤታቸው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኢስተሂል ለእርስዎ ልታስረክብ የነበሩትን አሥራ ሰባት ደረሰኞች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። ገንዘቡን የተቀበሉት ባለቤቶቹ ስለሆኑ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ «ተመልሷል» ብለው ፈርመዋል፤ መጻፍ የማይችሉትም አሻራቸውን አድርገዋል። መምህር ዘነበ ድምሩን ሦስት ጊዜ አጣርተውታል፤ ባዶ ነው። የሙያው ሰው ስለሆኑ እርስዎም ያጣሩልንና ፈርመው ይመልሱልን።